በሰም የተነከረው ትራንስፎርመር

ወንድሜ መሞቱን ከሰቆጣ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ያወቅነው እናቴና እኔ ነን። በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መርዶ ለባለቤቱ የሚደርሰው አገር ሁሉ ከሰማ፣ ሽማግሌ ከመከረበትና ሩቅ ያለው ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። እስከዚያ ጎረቤት እያወቀ ይስቅልሃል፣ ጓደኛ እያወቀ ይቀልድብሃል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። የእኔን ለየት የሚያደርገው፣ ያ ሁሉ ሰው ተጠንቅቆ የደበቀኝን ነገር የነገረኝ ትራንስፎርመር መሆኑ ነው። ያመጡልኝም ራሳቸው ደባቂዎቹ ናቸው።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በአንድ የጥቅምት ወር ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ሰቆጣ ላይ ራዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ሱቅ የምለው የቤታችንን የፊት ክፍል ሲሆን እናቴ ወይዘሮ ጥሩ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ዓይኗ ስለደከመ ሥራዬን የምትከታተለው በጆሮዋና በአፍንጫዋ ነበር። ሽቦ ሊቃጠል ሲል ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። «ደሳለኝ፣ የሰው ንብረት ልታነድ ነው» ትለኛለች፤ ነቅዬ ሳየው እውነትም ግሏል። ደንበኞቼ በእሷ ይቀልዱ ነበር፤ መሣሪያህ እናትህ ናት ይሉኛል።

ታላቅ እህቴ አበባ ኮረም አግብታ ትኖራለች። ታናሻችን ሞላ ደግሞ መምህር ሆኖ ቆላው ላይ፣ ጽጽቃ በምትባል ከተማ ይሠራ ነበር። በክረምት እረፍት ይመጣና እስከ መስከረም ሥራ እያስፈታኝ ይሰነብታል። ወሬኛ ነበር፤ ሽቦ ስጠመጥም ዙሩን ቁጠርልኝ ስለው መሐል ላይ የተማሪዎቹን ነገር ጀምሮ እሱም እኔም ቁጥሩ ይጠፋብናል።

በዚያ ጥቅምት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ለኅዳሩ ንግሥ የድምፅ ማጉያ እንድሠራ አዘዘኝ። ይዘውልኝ የመጡት አያ ካሱ ናቸው፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲሞት ደግሞ የሚያረዱ ሽማግሌ። ማጉያ ስል ከፋብሪካ የወጣ እንዳይመስላችሁ። ከወደቀ ዕቃ እየለቃቀምኩ የምሠራው ነው። ትራንዚስተሩ ነበረኝ፣ ሳጥኑን ከአሮጌ የጥይት ሳጥን አበጀሁት። የቀረኝ ትራንስፎርመሩ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ሆድ ነው። ከመስመር የሚመጣውን ኃይለኛ መብራት ዝቅ አድርጎ ለሌላው ዕቃ የሚያድለው እሱ ነው። አቅሙ ካነሰ ሰባኪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ማጉያው ይደክማል። የሚሰጠው ከበዛ ትራንዚስተሩን ይፈጀዋል። ጥምጥሙ ከላላ ደግሞ ያጉረመርማል፤ ሕዝቡ ከስብከቱ ይልቅ እሱን ሲሰማ ይውላል።

የሰቆጣ መብራት ያኔ ከሞተር ነበር። አመሻሽ ላይ ይነሳል፣ ጉልበቱ ሲፈልግ ከፍ ሲፈልግ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ትራንስፎርመር የምፈትነው ሞተሩ ሲነሳ ነው። ለፈተናው የራሴ መላ ነበረኝ። ሥራ ላይ አድርጌው ከቆየሁ በኋላ መዳፌን አሳርፍበትና አባታችን ሆይን ቀስ ብዬ እደግማለሁ። እጄን ሳላነሳ አሜን ካልኩ ይሆናል። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ሳልደርስ ከፈጀኝ ግን አይሆንም፤ ለንግሥ ቀን ቀርቶ ለልጅ ክርስትናም አይበቃም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለምደግም እናቴም ከመደቧ ሆና ፈተናው የት ላይ እንደወደቀ ትሰማለች።

በእጄ ሁለት ነበሩኝ። አንዱን ያወጣሁት ከድሮ ባለ አምፖል ራዲዮ ነው፤ ከባድ፣ መልኩ የሚያምር፣ ግን የሚሰጠው ኃይል ለእኔ ትራንዚስተር የበዛ፣ ደግሞም የሚያጉረመርም። ሌላው ከመኪና ባትሪ መሙያ የወጣ ነው። እሱ ዝም ይላል፣ ግን አቅም የለውም። ማጉያውን ስጭንበት «ፈቃድህ» ላይ አስነሳኝ። አንዱን እፈታለሁ፣ ሌላውን እገጥማለሁ፤ በማግስቱም እንደዚያው።

ሁለቱን ሳማርጥ ሞላ ከተቀበረ ሰንብቷል። ወባ ነው። አንድ ቀን ራሱን አመመው፣ ተኛ፣ በዚያው ቀረ። መንገዱ ሩቅ በመሆኑ እዚያው ቀበሩት። ጓደኞቹ ዕቃውን በበቅሎ ጭነው ሰቆጣ አምጥተው አያ ካሱ ቤት አስቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩና አበባ ከኮረም እስክትመጣ አይነገር ተባለ፤ እናት ሴት ልጇ ወገቧን ሳትይዛት አትረዳም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ምልክቱማ ሞልቶ ነበር። ቴፔን አልመለስክልኝም እያለ በየቀኑ የሚጨቀጭቀኝ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ «ቀስ ብለህ ሥራው፣ ምን አስቸኮለህ» አለኝ። ከስንት ጊዜ በፊት የተኳረፍኩት ሰው ገብቶ ጤናዬን ጠየቀኝ። አያ ካሱ ደግሞ ጧት መጥተው እስከ ረፋድ፣ ከሰዓት መጥተው እስከ ማታ ይቀመጡ ጀመር። እኔ ግን ማጉያው አሳስቧቸው መሰለኝ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

በመጨረሻ ሁለቱም እንደማይሆኑ ስቆርጥ ነገርኳቸው። «አያ ካሱ፣ ነገ በሚወጣው መኪና ኮረም ሄጄ ሌላ ልፈልግ። ከጠፋም ወልድያ እዘልቃለሁ።»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «የምትፈልገው ብረት አይደል?» አሉ።

«ብረት ነው፣ ግን ብረት ሁሉ አንድ አይደለም።»

«ብረት ብረት ነው። እኔ አመጣልሃለሁ። አንተ ብቻ እናትህን ጥለህ እንዳትወጣ።»

ፍርሃታቸው አሁን ይገባኛል። መኪናው ላይ የሚሳፈረው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንዱ ሞኝ «እግዜር ያጥናህ» ቢለኝ ምክራቸው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ቤታቸው ሄደው የሞላን ዕቃ አስፈቱ። ከመካከሉ አንድ ማጉያ ነበረ። ደሳለኝ ሳጥኑን አይቶ ያውቀዋል ብለው ፈሩ። ሳጥኑን ደብቀው ብረቱን ብቻ አስነቀሉ። ብረት ደግሞ መልክ የለውም፤ እንደዚያ ነው ያሰቡት። ለማንም ሰው እውነት ነው፣ ለጠመጠመው ሰው ግን አይደለም።

በማግስቱ ጧት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አመጡልኝ። አያ ካሱ መደቡ ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ገና ጫፉ ሲወጣ የማን እንደሆነ አወቅሁት።

ያንን ትራንስፎርመር ለሞላ የጠመጠምኩለት ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ትምህርት ቤታቸው አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር አግኝቶ ስለነበር ለወላጆች በዓል የራሱ ማጉያ አማረው። ሽቦው ላልቶ እንዳያጉረመርም በቫርኒሽ ይነከራል፣ እኔ ግን ቫርኒሽ አልነበረኝም። እናቴ ከማር ሰፈፍ ያነጠረችው ሰም ነበራት። አቅልጣ ሰጠችን፣ ጥምጥሙን እንዳለ ነከርነው። ሞላ ደርቆ እንደሆነ ልይ ብሎ ሳይበርድ አውራ ጣቱን ጫነበትና ተቃጠለ። ጣቱን አፉ ከትቶ ሲዘል እናቴ እንዴት እንደሳቀች አስታውሳለሁ። ከጎኑ የጣቱ ጉድጓድ ከነመስመሩ ቀረ። ልደፍነው ስል ከለከለኝ፤ ፊርማዬ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ከደሴ ቫርኒሽ መጣልኝ፣ በሰም የነከርኩት እሱን ብቻ ነው።

አሁን ያ ጣት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ሞላ በሕይወት እያለ ይህን ብረት ለማንም አይሰጥም። ቢሰጥም ራሱ ይዞት ይመጣል፤ ይዞት መጥቶም ቀን ሙሉ ያወራበታል። ቀና ብዬ አያ ካሱን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። ጎረቤቴ ቴፑን የተወልኝ፣ የተኳረፍኩት ሰው የጠየቀኝ፣ ከቤትህ አትውጣ የተባልኩት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ወንድሜ ሞቷል አልኩ በልቤ። ልቅሶ እንዲመጣ ጠበቅሁት። አልመጣም። ምንም ነገር አልመጣም። የሰው ወሬ የሰማሁ ያህል ቆሜ ብረቱን አገላብጠው ነበር።

እናቴ «ካሱ፣ ምን አመጣህለት?» አለች።

«ብረት ነው ጥሩ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ» አሏት።

ያኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ከእኔ እንዳታውቅ። ብጮህ ታውቃለች፣ ሥራዬን ብተው ትጠይቃለች፣ ብትጠይቀኝ ደግሞ ድምፄን ታውቀዋለች። ይዛት የምታለቅስ ሴት ልጇ የለችም። አያ ካሱ ተነስተው ሲወጡ እሸኛቸዋለሁ ብዬ ደጅ ድረስ ተከተልኳቸው። ምን እንደምላቸው አላሰብኩም ነበር። አጥሩ ጋ ስንደርስ ብቻ «አበባ መቼ ትደርሳለች?» አልኳቸው።

ቆሙ። ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ከረጢቱ ወዳለበት ወደ ቤቱ ተመለከቱ። ምን እንደሠሩ ያኔ ገባቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው እንደ ሕፃን ሆነ።

«ነገ ማታ» አሉ። «ከነገ ወዲያ ንጋት ላይ እንመጣለን። ቻለው ልጄ።»

እሺ አልኳቸው። የተነጋገርነው ይኸው ነው፣ የሞላ ስም እንኳ አልተነሳም። ተመልሼ ገባሁና ሥራ ጀመርኩ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? እናቴ ብረት መምጣቱን ሰምታለች። ብረት ከመጣ መዶሻና የብየዳ ድምፅ መከተል አለበት። ብረቱን ሳጥኑ ውስጥ አሰርኩት፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በየቦታቸው በየድኩ።  ከወትሮው ይበልጥ ንጹሕ ሥራ ነበር፤ በኋላ ስከፍተው ራሴ ገርሞኛል። ምሳ በላሁ። አንድ ደንበኛ ባትሪ ሊገዛ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ሲያናግረኝ ሳቅ ብዬ ሸኘሁት።

ሞተሩ ሲነሳ ሶኬቱን ሰካሁ። ትራንስፎርመሩ ዝም አለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ምንም የለም፤ ከሁለቱም የተሻለ ነበር። ሞላ ቆጥሮት ቁጥሩ እየጠፋን፣ እየደገምን የጠመጠምነው ነው፣ ለእኔ ማጉያ ልክ ሆኖ ተገኘ። ማጉያውን ጫንኩበት። ጥቂት ቆይቶ መሞቅ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ጣቱን ያስታወስኩት። ሰሙ ለመፍሰስ የሚያበቃ ሙቀት አልነበረም፣ ግን ይለሰልስ ነበር። መስመሮቹ ተራ በተራ ጠፉ፣ ጉድጓዱ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ የጉድጓዱ ከንፈር ዘመመ። ሶኬቱን ብነቅለው ይቀርልኝ ነበር። ብነቅለው ደግሞ እናቴ ምን ሆነ ትለኛለች። አልነቀልኩትም፣ ቆሜ አየሁት።

መዳፌን ከላዩ አሳረፍኩና አባታችን ሆይ አልኩ። ፈቃድህን አልፌ ቀጠልኩ። አሜን አልኩ። እጄን አላነሳሁም። እንደገና ጀመርኩ፣ ጨረስኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። አላቃጠለኝም፤ ለብ ያለ ነበር፣ የሰው እጅ የመያዝ ያህል። ክፍሉን የሰም ሽታ ሞላው።

«ደሳለኝ» አለች እናቴ ከመደቡ።

«እማ።»

«ሆነልህ?»

«ሆነልኝ።»

ነጠላዋን ሰበሰበች። ከዚያ «እንግዲያው አጥፋው። ይበቃዋል» አለች። አጠፋሁት። ራት ሳቀርብላት ሆዴን አላሰኘኝም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። በእናት ቋንቋዋ በኽምጥኛ ለራሷ የሆነ ነገር ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ጸሎቷን የምታደርሰው በኽምጥኛ ስለሆነ ጸሎት ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ቀን ውለን ማታ አበባ ደረሰች፣ አያ ካሱ ቤት አሳደሯት። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። በሩን ስከፍትላቸው እናቴ ተነስታ መደቧ ላይ ተቀምጣ ነበር። መቀነቷን አጥብቃ ታጥቃለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። አያ ካሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጥሩ፣ መቼም የአዳም ልጅ፣ ብለው ሲጀምሩ እጇን ዘረጋች።

«ካሱ፣ አትድከሙ» አለች። «አበባን አስገቡልኝ።»

አበባ እየጮኸች ገባች፣ እናቴም ያኔ ጮኸች፤ ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ መሐላቸው ቆሜ ነበር። ሰዎች ደረቴን እየደገፉ አልቅስ ይሉኛል። ልክ እንደ ሌላው ሰው ራሴን ይዤ ወደ መሬት ጎንበስ አልኩ፣ እንባ ግን የለም። የዘንድሮ ልጅ ልቡ ደንጋይ ነው ሲሉ አንዲት ሴትዮ ሰማሁ። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም እንደዚያው እያሰብኩ ነበር።

ለቅሶው ካበቃ፣ አበባም ወደ ኮረም ከተመለሰች በኋላ፣ እናቴን መቼ እንዳወቀች ጠየቅኋት።

«ሰሙ ሲሸተኝ» አለች። «የእጄን ሰም አላውቀውም? ደሞ ጸሎቷን አንዴ ነበር የምትላት፣ ሦስቴ ደገምካት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?» አለችኝ።

 እሷ ለእኔ ስትል፣ እኔ ለእሷ ስል፣ አንድ ክፍል ውስጥ አንድን ሞት ለየብቻችን ይዘን አድረናል፤ ቀኑንም ውለናል። ስለዚያ ቀን ብዙ አስቤያለሁ። ምሳ ላይ ጨው አንሷል ብላኝ ነበር፣ እኔም ጨምሬላታለሁ። ሁለታችንም እያወቅን።

ይህን የምታነቡ ሰዎች መርዶን መደበቅ ክፉ ልማድ ነው እንድል ትጠብቁ ይሆናል። አልልም። አያ ካሱ ያደረጉት ሁሉ ከደግነት ነው። እስኪሞቱ ድረስ ግን ባዩኝ ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ነበር፤ እኔም ብረቱ ባይመጣ ኮረም መንገድ ላይ እሰማው ነበር እያልኩ አጽናናቸው ነበር። በእኔ ላይ የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔና እናቴ አልተደባበቅንም። ሲያማት አመመኝ ትለኛለች፣ ስፈራ ፈራሁ እላታለሁ። ለሌላው ሰውም እንደዚያው ሆንኩ፤ አንዳንዱ ደረቅ ነው ይለኛል። ሥራዬም ላይ አንድ ልማድ አተረፍኩ። ሰው አሮጌ ዕቃ ሲያመጣልኝ ከመፍታቴ በፊት የማን እንደነበረ እጠይቃለሁ። የሟች ከሆነ ቤተሰቡ አጠገቤ ተቀምጦ ካልሆነ አልከፍተውም።

እንባውን በተመለከተ፣ አልመጣም። ይመጣል እያልኩ ብዙ ዓመት ጠበቅሁ፣ አሁን መጠበቁንም ትቻለሁ።

ማጉያው ለኅዳሩ ንግሥ ደረሰ፣ ከዚያም ለብዙ ንግሥ አገለገለ። አንድም ቀን አላጉረመረመም። ሰቆጣ ዋናው መስመር ሲገባላት ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ገዛና የእኔን መለሱልኝ። ሳጥኑን ስከፍተው ከጎኑ ጣት የነበረበት ቦታ ለጥ ብሎ ነበር። የት ላይ እንደነበር እንኳ በእርግጠኝነት ማሳየት አልችልም።

እናቴ ግን የጣቱ ምልክት በዚያ ማታ እንደቀለጠ አታውቅም ነበር፤ ዓይኗ አላሳያትም፣ እኔም አልነገርኳትም። ከእሷ የደበቅሁት እሱን ብቻ ነው። ብረቱ ከተመለሰልኝ ወዲህ በየዓመቱ የሞላ መታሰቢያ ቀን፣ ዝክሩን በልተው ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ «እስቲ አንዴ አሙቀው» ትለኝ ነበር። ብረቱን አምጥቼ መደቧ አጠገብ አስቀምጬ እሰካዋለሁ። ሲሞቅ መዳፏን ታሳርፍበታለች። አባታችን ሆይን አብረን እንላለን፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሽታው መጀመሪያ በዝግታ ይመጣል፣ ከዚያ ክፍሉን ይሞላዋል። በየዓመቱም ትንሽ እየቀነሰ ነበር፣ ሁለታችንም አውቀነዋል።

አሜን ስንል እጇን ታነሳለች። «በቃ አጥፋው» ትለኛለች፤ «ያልቃል።»

እሷ ካረፈች በኋላ ሰክቼው አላውቅም።